ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያዘዙልሽን መድኃኒት ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ እለማመዳለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ደህንነት ካለ አላውቀውም።

እሑድ ላንቺ በላክሁት ትኬት ሌላ ሰው መጥቶ አየሁ። ወንበርሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአሰልጣኜ ጎን ነበር። ቀና ስል ያ ሰማያዊ ኮት። አባቴን ካየሁት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ኮቱን ግን ወዲያው ለየሁት። ማታ ስደውልልሽ፣ ለምኖኝ ነው፣ አርጅቷል፣ ደግሞም አባትሽ ነው አልሽኝ። አልተቆጣሁሽም። መቆጣት የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ቁጣውን ፈልጌ አጣሁት።

ቴኒስ ስጫወት አይተሽኝ ስለማታውቂ ልንገርሽ። ሌሎቹ ሴቶች ኳሷ በግራቸው ስትመጣ ወገባቸውን አዙረው፣ አብዛኞቹ ራኬቱን በሁለት እጅ ይዘው ይመታሉ። እኔ ራኬቱን ከቀኝ እጄ ወደ ግራ እጄ አሻግርና በቀኜ እንደምመታው አድርጌ በግራዬ እመታለሁ። እንዲህ የሚጫወት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አሰልጣኞች መጀመሪያ ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ እጅ እስክትቀይሪ ኳሷ ታልፍሻለች ይሉኛል። ተጋጣሚዎቼ ደግሞ ደካማ ጎኗ የት እንዳለ አይታወቅም እያሉ ያማርራሉ። ጋዜጦቹ ባለ ሁለት ቀኟ ብለው ስም አውጥተውልኛል።

እሑድ ግን የመጀመሪያውን ዙር ስድስት ለአንድ ተሸነፍኩ። ኳሷ በግራዬ ስትመጣ ቀኝ እጄ ራኬቱን አልለቅም አለ። በእረፍት ወጌሻዬ መጥታ ክንዴን እያሸች ምን ሆነሻል አለችኝ። ምንም አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላመመኝም። ክንዱ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ነበር፣ እሷም የሌላ ሰው ክንድ የምታሽ። ከዚያ በኋላ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ማየት ተውኩ። የቀሩትን ሁለት ዙሮች አሸነፍኩ። ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ፎጣዬን አጣጠፍኩ።

ጋዜጠኞቹ ወዳሉበት ክፍል ስገባ አባቴ ተከትሎኝ ገባ። ቤተሰብ ነው ብለው አሳለፉት። ከኋላዬ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። አንድ ሽበታም ጋዜጠኛ ይህን አጨዋወት ከየት አመጣሽው ሲለኝ፣ ሁልጊዜ የምመልሰውን መለስኩለት። በአሥር ዓመቴ ከደረጃ ወድቄ ቀኝ ክንዴ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አራት ወር በጄሶ ታስሬ በግራዬ ከግድግዳ ጋር ስጫወት ለመድኩት። አባቴ ሳቅ ብሎ፣ ያለ እኔ ግራ እጇን አታውቀውም ነበር አለ። ሁሉም ጻፉት። ውሸት አልተናገረም።

ሽበታሙ ሰውዬ ወደ ከተማችን ሊሄድ ነበርና ያንን ደረጃ ፎቶ ላነሳው እፈልጋለሁ አለኝ። ክንዴ የተሰበረ ጊዜ ሐኪሙ ደረጃው ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅሽ፣ ሰባት ያልሽው ትዝ አለኝ። ጥቂት አስበሽ ነበር ሰባት ያልሽው። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ሰባት ስል ኖሬያለሁ።

ቤታችን ደረጃ የለውም አልኩት። መሬት ላይ ያለ ቤት ነው፣ ከመንገዱ እኩል፣ አንዲት እርከን የለውም።

ሰውዬው መጻፉን አቆመ። አባቴ ትከሻዬ ላይ ያለውን እጁን አነሳ። 

ጽሑፉ ሐሙስ ይወጣል። አባቴም ሐሙስ ቤት ይገባል፤ የአውቶቡሱን ትኬት የቆረጠለት አሰልጣኜ ስለሆነ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ወጌሻዬ ናት። ጥሩ ሴት ናት፣ ብዙ አትጠይቅም። አንብበሽ እስክትጨርሺ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ትጠብቅሻለች። ዕቃ ልሰብስብ አትበይ። ለጎረቤቶችም ምንም አትንገሪ። መታወቂያሽንና መነጽርሽን ብቻ ያዢ።

ፖስታው ውስጥ ያለው ቁልፍ የቤቴ ነው። እኔ ልምምድ ላይ ሆኜ ብትደርሺ ከፍተሽ ግቢ። አልጋሽን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። እዚህ ሙቀት ነው፤ አጭር እጅጌ ያለው ቀሚስ ገዝቼልሻለሁ። ልክሽን ባለሱቋ ስትጠይቀኝ ወገብሽንም ቁመትሽንም በእጄ አሳየኋት። ክንድሽን ግን ከረጅም እጅጌ ውጭ አይቼው ስለማላውቅ ሰፋ ያለውን ስጪኝ አልኳት።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። በሰላም ያገናኘን።

ልጅሽ