የሚጥሚጣ አወዳደቅ

ጥር 5፣ ሰኞ

ለማንም ነግሬ አላውቅም። የባሌን የማቴዎስን ቪዲዮ ቤት ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። እጄም አልደረቀ።

ሌላው እንደወትሮው። ገበያ ወጣሁ፣ ቆጮ ገዛሁ፣ ተመለስኩ። ማታ ልጄ ቲቶ በባጃጁ አዲስ ቴሌቪዥን ጭኖ መጣ። "ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ሲሰበሰቡ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን" አለኝ። ወደ እጮኛው ወደ ራሄል ቤተሰቦች፣ ሀደሮ፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

"ማን ይመራቸዋል?" አልኩት።

"ማንም ይሁን። ባፈና ብቻ እንዳይመጣ።"

"የአባትህ ታላቅ ወንድም ናቸው እኮ። እሳቸው ሳይኖሩ ምን ተብሎ ልጅ ይጠየቃል?"

"አባቴን ለቀበሌ አሳልፎ የሰጠ፣ ለእኔ ሚስት ይጠይቅ?"

እራቱን ላቀርብ ተነሳሁ። እንደ ሁልጊዜው።

ጥር 8

ቲቶ ሥራ ሲወጣ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ሬስሊንግ! ጃፓኖችና አሜሪካኖች። ልክ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ጊዜ…

ማቴዎስ ሸንበቆውን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆም ነበር። እንግሊዝኛ አይችል፣ ጃፓንኛ አይችል፣ ሁሉንም ግን በሃዲይኛ ይተረጉመዋል። ግዙፉን አሜሪካዊ ዋንዛ፣ ትንሹን ጃፓናዊ ሚጥሚጣ ብሎ ስም አወጣላቸው። "ሚጥሚጣ ምን አለ? አንተ ዋንዛ፣ ዛሬ ማገዶ ነው የማደርግህ!" ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ይደርሳል። እኔ በር ላይ ቆሎ እየሸጥኩ እሰማለሁ። እኔም እስቅ ነበር።

ታዲያ ለምን?

ጥር 9

ለምን…

ጸሎት ቤት ያሉ ሴቶች "የምትበሉት የድብድብ እንጀራ ነው" አሉኝ። አፈርኩ። ደግሞ በጠዋት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሲገቡ አያለሁ። ከትምህርት የቀሩ መሰለኝ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ነበሩ። ከጎምቦራ ገጠር መጥቼ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ የማላውቅ፣ ፈረቃ የሚባል ነገር መኖሩን በምን ልወቅ? ቀበሌ ሄጄ "ልጆችን ከትምህርት እያስቀረ ነው" አልኩ። ስሜ እንዳይነሳ ለመንኩ። መክረው የሚተዉት መስሎኝ ነበር። ቴሌቪዥኑንም የቪዲዮ ማጫወቻውን ዴክም ጭነው ሄዱ።

ጋሽ ባፈና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበሩ። ያን ሰሞን ወንድማቸውን በሰው ፊት "ይህን ነገር ተው!" ብለው ተቆጥተውታል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በእሳቸው ፈረደ። እኔም ዝም አልኩ።

ማቴዎስ ሥራ ሲያጣ እንደ ጓደኞቹ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ጀመረ። ማላዊ ላይ ታሞ ሞተ አሉን። መቃብሩን ያየ ሰው የለም።

ጥር 10

ማንበብ የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ቲቶ ፊደል ሲቆጥር እኔም ቆጮ እየከተፍኩ በልቤ አብሬው እቆጥር ነበር። ብቻዬን መጀመሪያ ያነበብኩት የማቴዎስን ሰሌዳ ነው። በር ላይ ይሰቅለው የነበረው፣ በኋላ የዶሮ ቤት መዝጊያ ያደረግነው።

"ዛሬ ሬስሊንግ። ጃፓን ከአሜሪካ።"

ከሥሩ በትናንሽ ፊደል፦ "ተማሪ በትምህርት ሰዓት መግባት ክልክል ነው።"

በየቀኑ ከሥሩ ተቀምጬ ቆሎ ስሸጥ ነበር።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ጋሽ ባፈና ሊጠይቁኝ መጡ። ቲቶ ፊታቸውን ሳያይ ሰላም አላቸውና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። እሳቸው ምንም እንዳልሆነ ሬስሊንግ ከሚያሳየው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ።

"አንቺ፣ ይሄ የማቴዎስ ሚጥሚጣ አይደለም እንዴ?"

"እርስዎ ደግሞ ሚጥሚጣን የት ያውቁታል?"

"ጋቢዬን ተከናንቤ ከኋላ እቆም የለ! ቀን እየተቆጣሁ፣ ማታ…" ሳቁ። ሳቁና አሳላቸው።

ዋንዛ ጃፓኑን አንስቶ ወረወረው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አትፍሪ፣ ራሱ ነው የዘለለው። ማቴዎስ ነው ያሳየኝ። 'ወንድሜ፣ ጣዩን አትይ፣ ወዳቂውን እይ፤ ባለሙያው እሱ ነው' ይለኝ ነበር።"

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። "ጋሼ፣ ቀበሌ የሄደው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?"

ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አነሱ።

"ያኔ እኔ ሀቢቾ ነበርኩ፣ ለቅሶ። ስመለስ ሰው ሁሉ እኔን አለ። አንቺን አየሁሽ። ዓይንሽ መሬት ላይ ነበር።"

"ከዚያን ጊዜ ጀምሮ? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"የቲቶ እናት፣ አጎት ቢጠላ ምን ይሆናል? እናቱን ከጠላ ግን ያ ሕፃን የት ይደር?"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። "ተይ፣ ተይ። ይልቅ ጨዋታው አልፎናል" አሉኝ።

ጥር 18

ጸሎት ቤት ሄድኩ። ከስብከቱ አንድም ቃል አልሰማሁ።

ማቴዎስስ ያውቅ ነበር? ሲሄድ ሰሌዳውን ከአቧራ ጠራርጎ ግድግዳ ላይ አስደግፎልኝ ነበር… ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ያውቅ ነበር እንዴ?

ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጥር 22

ሽማግሌው ቅዳሜ ይሄዳል። ቲቶ የመረጣቸውን ሰዎች ስም ነገረኝ። ጋሽ ባፈና የሉበትም። "እማ፣ ምነው ፊትሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ዛሬም ምንም!

ጥር 23፣ ዓርብ

ጠዋት የዶሮ ቤቱን መዝጊያ ነቅዬ አጠብኩት። ቀለሙ ለቋል፣ ግን ይነበባል። ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስደገፍኩት። ቲቶ ምሳ ሊበላ ሲገባ አየው።

"ምንድነው ይሄ?"

"የአባትህ እጅ ጽሑፍ ነው። እስከ ታች አንብበው።"

ቁጭ ብሎ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። "ታዲያ ምን ብለው ዘጉበት?" አለኝ። በአፌ ልነግረው አልሆነልኝም።

ቢጠላኝስ? ይጥላኝ። አሁን የራሱ እንጀራ አለው፣ ሚስት ሊያመጣ ነው። የት ይደር የሚለው ጥያቄ አልቋል። ጋሽ ባፈናም በእኔ ፈንታ መውደቅ ይብቃቸው። ጀርባቸው አርጅቷል። ነገ ወደ ሀደሮ ከፊት ሆነው ይሂዱ።

እነዚህን ገጾች ከደብተሩ ቀድጄ እራቱን ሳቀርብ አብሬ እሰጠዋለሁ። አንብቦ እስኪጨርስ ከፊቱ አልነሳም።

ተቀባዩ ልጄ ነው፤ ቲቶ ማቴዎስ።