የቺንቺላሽ ፀጉር እጄ ላይ ቀረ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ የኮሪደሩ አምፖል ግን እንደተቃጠለ ነው።

ትተሽልኝ የሄድሽው፣ አይጥ ትሁን ጥንቸል ያልለየላት ቺንቺላሽ ልቤን አወለቀችው። ከሽቦ ቤቷ ጥግ አልወጣም አለች። በላች? ጠጣች? እያልኩ ስፌቴን በየአስር ደቂቃው አቋርጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አላስችል ቢለኝ እጄን ሰድጄ ያዝኳት። ተስፈንጥራ አመለጠች፤ እፍኝ ሙሉ ፀጉሯ እጄ ላይ ቀረ። ገደልኳት ብዬ እየጮህኩ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ።

«ስትፈራ ፀጉሯን ለቃ ነው የምታመልጠው፤ ይበቅላል። አያሳድዷት፤ እጅዎን ዘርግተው ዝም ብለው ይቀመጡ» አለኝ።

አባትሽ «ዝም ብሎ መቀመጥ? እሷ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እልህ ያዘኝ። የስፌት መኪናዬን አጥፍቼ፣ መዳፌ ላይ ደረቅ ሣር ይዤ በየቀኑ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንቴ ልነሳ ቃጣኝ መሰለሽ! በአምስተኛው ቀን ከሰዓት መጣች። ጣቴን አሸተተችና መዳፌ ላይ ወጣች። ልይዛት እጄን በላኝ፤ አልያዝኳትም።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። በቀን አምስቴ እየደወልኩ «በላሽ? ከማን ጋር ነሽ?» ስልሽ፣ ይኸው ስልክሽን ከዘጋሽ ወር ሞላሽ።

ከእንግዲህ አላሳድድሽም ልጄ። መንገድሽ ይቅና፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። ደስ ባለሽ ቀን ብቻ «አለሁ» በዪኝ። እንዳልደውል ስልኬን ለአባትሽ ሰጥቼዋለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ «ጠራ እንዴ?» ብዬ ሦስቴ ጠየቅኩት።

እናትሽ