ጋሼን ማን አበላቸው?

አብራኝ ለምትኖረው ልብስ ሰፊ፣

የታረቅኩሽ እንዳይመስልሽ፤ አሁንም ተኳርፈናል። የምጽፍልሽ ዓሣችን ጋሼ ስለታመሙ ብቻ ነው።

ጠዋት ስነሳ በጎናቸው ተንሳፈው፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ አገኘኋቸው። ውሃቸው ደፍርሶ ይሸታል። ነርስ ብሆንም የዓሣ ትኩሳት በየት በኩል እንደሚለካ አላውቅምና ለዓሣ ሻጩ ደወልኩ።

«በቀን ስንቴ ታበሉታላችሁ?» አለኝ።

«አንዴ። የማበላቸው እኔ ብቻ ነኝ። እሷማ ከተኳረፍን ወዲህ ዞር ብላም አታያቸውም» አልኩት።

ከዚያ የምግባቸውን ቆርቆሮ ስከፍት ያንቺ ቀይ ክር ውስጡ ተጋድሟል!

ለካ አንቺም በድብቅ ታበዪያቸው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ሁለት ቁርስ በሉ፤ የተረፋቸው በስብሶ ውሃቸውን በከለው።

ስለዚህ ዛሬና ነገ ምንም እንዳይቀምሱ።
እንዴት አድርገው እንደሚያዩሽ አውቃለሁ። ጨክኚ።

ባልዲው ውስጥ ውሃ ቀድቻለሁ፤ የቧንቧው መድኃኒት እንዲለቀው ይደር። ፀጉርሽን እንዳትታጠቢበት! ነገ ጠዋት ከመስታወት ገንዳቸው ሲሶውን ውሃ ቀድተሽ ድፊና በምትኩ ያንን ጨምሪላቸው። ሳሙና የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ።

የተኳረፍንበትን የፎጣሽን ነገር አሁን አላነሳም።
ወለሉን የወለወልኩበት እኔ ነኝ፤ ግን አላነሳም።

ተረኛ ነኝ፤ የምመለሰው ነገ ማታ ነው። ስመጣ ማን እንደሚያበላቸው እንነጋገራለን፣ እህቴ። በአፍ።

ጋሼ ሌላ ኩርፊያ የሚችል ሆድ የላቸውም።