ትሎቹ ከቤት ወጥተዋል

ዘንገና፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተቀየምከኝ ባለቤቴ ለደርበው፤ አዘና፣ እህትህ ቤት።

እንዴት ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። ፈረስህ ደህና ነው፤ ትሎቹም ደህና ናቸው። ስልክ ስለማታነሳ ነው መጻፌ፤ ወረቀት መቼም ጆሮ ላይ አይዘጋም።

«ወይ እኔ ወይ ትሉ!» ብለህ በጊዮርጊስ ምለህ ከወጣህ ሦስት ሳምንት ሆነ። ትሎቹን በሣጥን አድርጌ አልጋ ሥር መደበቄ እውነት ነው። የግብርና ባለሙያዋ ትዕግስት «ከበረዳቸው ያልቃሉ» ብላኝ ነው፤ የእኛን አገር ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ። ከኅዳር ጀምሮ አብረሃቸው ስትተኛ አንድ ቀን እንኳ አልነከሱህም። አዲሱን ጋቢህን ማልበሴ ግን ጥፋቴ ነው፤ ይቅር በለኝ። ሁለቴ አጥቤዋለሁ።

የላክሃቸው ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ መጡ። አያ ወርቅአየሁ ሣጥኑን እንዳዩ አፍንጫቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ሰው ሲሞት የሚያገኘውን ትል አንቺ በቁምሽ ትቀልቢያለሽ?» አሉኝ። እኔም ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ያ «ሞቷል፣ የከሰል ዛፍ እንትከልበት» ያልከው መሬት፣ ትሎቹ ከእበትና ከድንች ልጣጭ የሠሩትን ማዳበሪያ ጠጥቶ ያበቀለው ጎመን የሽማግሌዎቹ ጉልበት ድረስ መጣ። አፈሩን አሸተቱ፣ ተመካከሩ፣ ፈረዱ፦ መሐላህ እንዳይፈርስ ትሎቹ ከቤት ይውጡ። ከዚያ ሦስቱም አንዱ ሌላውን ሳያሳይ በየተራ እየተመለሱ ትል ለመኑኝ። አያ ወርቅአየሁ በባርኔጣቸው ነው ይዘው የሄዱት።

እንደ ፍርዱ አውጥቻቸዋለሁ፤ አሁን የፈረስህ ጋጣ ውስጥ ናቸው። ዳማው ፈረስህ ደግሞ እንደ ጌታው ከትል ጋር አላድርም ስላለ ወደ ቤት ገብቷል። አንተ በምትተኛበት በኩል ነው የሚቆመው። ያንኮራፋል፤ ግን ሲቀሰቅሱት አይቆጣም።

ደርበው፣ ዝናቡ ጀምሯል። የላይኛው ማሳ አልታረሰም፤ የዘር ድንቹ ጎንቁሎ ተቀምጧል። ትናንት ጎረቤታችን ይኸነው መጥቶ «ሰኞ በሬዬን ላምጣና ምርቱን እኩል ልንካፈል ልረስልሽ» አለኝ። ከዚህ በላይ ከዘገየ ዓመቱን ሙሉ ምን እንበላለን ብዬ «እሺ» ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን «ደርበው እሑድ ይመጣል» የሚል ሆነ። ይኸነውም አምኖኝ፣ በሬውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

እንግዲህ ሰው ፊት ውሸታም አታድርገኝ። ናፍቀኸኛል።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

ባለቤትህ ሸጋ