ለማሰቢያ የተፈቀደልን ስምንት ሰከንድ

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ፔርቱ ሳርኪላ
የአካባቢያችን የኦንላይን ክሊኒክ ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ ለመጠየቅ እወዳለሁ። ጥያቄው ለወጉ ያህል የቀረበ እንዳይመስልዎ፤ ጠይቄ መልሱን የምጠብቅ ሰው ነኝ። ይህ ልማድ በእርስዎ ክሊኒክ ዘንድ እንደ ቀረ ባውቅም፣ ዕድሜዬን በሙሉ በመንደራችን በሃውኪሳሎ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ያፈራሁት ጠባይ ስለሆነ በጡረታ ዘመኔ ልተወው አልቻልኩም። እርስዎም ባለቤትዎም በሐይቁ ዳር የሚያሠሩት አዲሱ የእንፋሎት መታጠቢያ ሳውናም በደህና እንድትከርሙ ከልብ እመኛለሁ።

ይህን በጋዜጣ የምጽፍልዎ፣ በመተግበሪያዎ ውስጥ ያለው የአስተያየት ሳጥን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሬ ላይ ስለ ሞላብኝ ነው።

ጉዳዩ የሟች እህቴ ልጅ የሚርቫ ነው። ሚርቫ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሲሆን የመንደራችንን ተማሪዎች በሚኒባስ ታመላልሳለች። እናቷ ሲርካ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የትምህርት ቤታችን ምግብ አብሳይ ነበረች። የሚርቫን ስም በአደባባይ የምጠራው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ጥያቄዬን ከሰማች በኋላ ተነሥታ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሥታ ሌላ እንጨት ጨመረች፣ ከዚያም «ይሁን» አለችኝ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሕመሟ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል። እርስዎ ያውቁታል፤ ለጋዜጣው አንባቢዎች ግን በአጭሩ ላስረዳ። የሴቲቱ እንቁላል በየወሩ በጊዜው አይበስልም፣ የወር አበባዋ ለብዙ ወራት ይጠፋል፣ አገጯ ላይ ጢም ይወጣል፣ መፀነስም ይከብዳታል። ሚርቫ ልጆቹን ለመጫን ከመውጣቷ በፊት ጠዋት ጠዋት አገጯን ትላጫለች። ይህ ሁሉ ይቻላል፤ የማይቻለው፣ የወር አበባው ለረጅም ጊዜ ሳይመጣ ሲቀር የማህፀን ግድግዳ መወፈሩ፣ ከወፈረም በኋላ ወደ ክፉ ነገር ሊለወጥ መቻሉ ነው። የድሮው ጤና ጣቢያችን ሐኪም ይህን ነግረዋት፣ «ቢያንስ በየሦስት ወሩ መምጣት አለበት፤ ካልመጣ አትጠብቂ፣ ነይ» ብለው የሚያመጣውን ክኒን ይሰጧት ነበር። ከባሏ ከኤሳ ጋር ልጅ ለመውለድ በወሰኑ ጊዜም ወደ ስፔሻሊስት ሊልኳት ቃል ገብተውላት ነበር።

ከዚያ ጤና ጣቢያው ተዘጋ፣ እርስዎም መጡልን። ስለ መጡልንም ከዚህ እንደሚከተለው በየተራ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስብሰባው አመሰግናለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በመንደራችን አዳራሽ ተገኝተው፣ ከእንግዲህ ሐኪም የምናገኘው በስክሪን መሆኑን በሥዕል አስረዱን። ንግግርዎን የጀመሩት «እኔም እኮ የዚሁ መንደር ልጅ ነኝ፣ ከወንዙ ማዶ ነው ያደግኩት» በማለት ስለ ነበር ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። እርስዎም አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ተመልክተው «እንግዲህ ሁላችንም ተስማምተናል ማለት ነው» ብለው ኮምፒዩተርዎን አጥፈው ወጡ። መኪናዎ ከእንጨት መሰንጠቂያው አልፎ ሲሄድ ሽማግሌው ኡርሆ ብድግ አለ።

«እኔ ጥያቄ አለኝ» አለ።

«ታዲያ ሰውየው እያለ አትጠይቀውም ነበር?» አለችው ባለሱቋ ሄልካ።

«ልጠይቀው እኮ ነው። ኮፍያዬን እያወለቅኩ ነበር።»

ሕዝብ ሳይቃወም የጸደቀ ውሳኔ እንደ ነበር በማግሥቱ በድረ ገጽዎ ላይ አነበብን። የኡርሆ ጥያቄ፣ አውሎ ነፋስ የስልኩን መስመር ሲበጥሰው በምን እንታከማለን የሚል ነበር። እስካሁን ኮፍያውን እንደ ያዘ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ስምንቱ ሰከንድ አመሰግናለሁ። በክሊኒክዎ አሠራር ታካሚ ስምንት ሰከንድ ዝም ካለ፣ መሣሪያው ሰውየው የሄደ መስሎት መስመሩን ይዘጋል። ሐኪሙም ወዲያው ወደሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። ሚርቫ ከረጅም ወረፋ በኋላ የመጀመሪያ ቀጠሮዋ ደርሶ ሚኒባሷን ዳር አቁማ ስልኳን ከፈተች። ሐኪሙ ጨዋ ወጣት ነበር። «ሰላም ሚርቫ፣ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ሲል ጠየቃት። እሷም ከላይ ልብ ይበሉልኝ እንዳልኩዎ ለመመለስ ጊዜ የምትወስድ፣ የእናቷ ልጅ ናትና የማታውቀውን አትናገርም፤ ከአጋዘን አደን በፊት ነው ወይስ በኋላ እያለች በመስኮት እያየች ወደ ኋላ ስትቆጥር፣ ስክሪኑ «ታካሚዋ ከመስመር ወጥተዋል። ጉዳዩ ተጠናቋል። መልካም ቀን» አላት። በፊት ኮሪደር ላይ ተቀምጠን እንታገሠው የነበረውን ሐኪም መጠበቅ አስቀርተው፣ ሐኪም እኛን የሚጠብቅበትንም አብረው ስላስቀሩልን ሥራው ምንኛ የተሟላ ነው።

ደግሞም በደንባችሁ መሠረት ለተጠናቀቀ ጉዳይ አዲስ ቀጠሮ የሚሰጠው ከስድስት ወር በኋላ ነው። እኔ ወደ ከተማ እንሂድ ብላት፣ «ተዪው አክስቴ፣ ከእኔ የባሰ ሰው ይኖራል» አለችኝ። እዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ እርስዎም ሲያቅዱ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ኤሳ ሚስቱን በቀልድ ሊያበረታታት ሞከረ። «ከስዊድን አንድ አፈኛ ዘመድ እናስመጣና አጠገብሽ ይለፍልፍልሽ» አላት። ሚርቫ ሳቀች። በዚህኛው ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ በልምምድ ቶሎ መለሰች፣ ሁለተኛውንም መለሰች፤ ሦስተኛው «ልጅ መውለድ ትፈልጊያለሽ?» የሚል ነበር። ክቡር ሆይ፣ እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለው ነገር በጨለማ ሳውና ውስጥ፣ ለዚያውም ከሁለት ጊዜ እንፋሎት በኋላ ካልሆነ አይነገርም። ሚርቫ ስልኩን ሁለት እጇ ላይ አድርጋ ዝም አለች። «አክስቴ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አለችኝ ኋላ። መሣሪያዎ ግን ቀደማት። በመዝገቧ ላይ በዚያ ጥያቄ አንጻር «ምላሽ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ምላሽ ስለሌለም ወደ ስፔሻሊስት የሚልክ ምክንያት አልተገኘም፤ ክኒኑም አልታዘዘም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምስጢር ጠባቂነትዎ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀጠሮ እኔ ራሴ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የወር አበባዋን ካየች ዓመት አልፏት ነበር። ሐኪሟ፣ ይህችኛዋ ሴት ነበረች፣ «ሕመም ይሰማሻል? የት ላይ?» አለቻት። ሚርቫ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትክክለኛውን ቦታ ስትፈልግ፣ እኔ ሰዓቱን እያየሁ ስለ ነበር፣ «እባክዎ ይታገሡን፣ እያሰበች ነው» አልኩ። መሣሪያው «የሦስተኛ ወገን ድምፅ ተሰምቷል። የታካሚዋን ምስጢር ለመጠበቅ ውይይቱ ተቋርጧል» አለን። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ አስደስቶኛል። ሚርቫ ዝም ብትል የለችም፣ ሰው ቢናገርላት ተሰልላለች። እርስዎ ዘንድ ለመታከም የሚበቃው፣ ብቻውን ተቀምጦ ሳያቋርጥ የሚያወራ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን እኛ ዘንድ የሚታወቀው በሌላ ሕመም ነው።

አራተኛ፣ ለአቤቱታዬ ስለ ሰጡኝ የጽሑፍ መልስ አመሰግናለሁ። የስምንት ሰከንዱ ልክ «በበርካታ አገሮች የተጠና አማካይ» መሆኑን፣ እርስዎም ራስዎ መርምረው እንደ ፈረሙበት ገልጸውልኛል። ጥናቱ የተካሄደው ሰው የሰውን ነገር እየነጠቀ በሚያወራበት ቦታ መሆን አለበት። በተጨማሪም ከመቶ ዘጠና አንዱ ጉዳይ በመጀመሪያው ቀጠሮ እንደሚጠናቀቅ በኩራት ጽፈውልኛል። አላምንም አልልም፤ የተቆረጠ ዛፍም ማደጉን አጠናቋል። ደብዳቤዎን በቀይ እርሳስ አርሜ መልሼልዎታለሁ። ጥያቄውን ሳያነቡ መልስ ስለ ጻፉ የሰጠሁዎት ውጤት ከአሥር አራት ነው፤ በእኛ ትምህርት ቤት ከአራት በታች የሚሰጥ ነጥብ ባለመኖሩ ላዳላልዎ ተገድጃለሁ።

አምስተኛውን አሳጥረዋለሁ።

ባለፈው ጥር ሚርቫ ልጆቹን ጭና ስትሄድ ደም ጀመራት። መቀመጫው እስኪርስ ድረስ እየነዳች እያንዳንዱን ልጅ በየደጁ አወረደች፤ የመጨረሻው ልጅ ቤቱ መግባቱን አይታ ነው ኤሳ ጋ የደወለችው። በከተማው ሆስፒታል ያገኘቻት ሐኪም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠየቀቻት፤ ጠይቃም እጆቿን በራሷ ጭን ላይ አጣምራ ጠበቀች። ሚርቫም ሁሉንም ነገረቻት፤ የወር አበባዋ መቼ እንደ ቀረ፣ የት እንደሚያማት፣ ልጅ እንደምትፈልግም። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ኤሳ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ነበር።

የማህፀኗ ግድግዳ ወደ ካንሰር ተለውጦ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር። ማህፀኗ ወጣ። ሚርቫ በሕይወት ትኖራለች ብለውናል። ሐኪሟ ለእኔ ብቻ፣ «ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ በክኒን ሊመለስ የሚችል ነገር ነበር» አለችኝ። ለሚርቫ አልነገርኳትም። ሚርቫም ይህን ጋዜጣ አታነብም፤ ኤሳ ደብቆ ምድጃ እንዲለኩስበት ተስማምተናል።

ገና ከአልጋዋ ሳትነሣ ከክሊኒክዎ መልእክት መጣላት። «ችግርሽ ተፈትቷል?» ይላል፤ ከሥሩ አምስት ባዶ ኮከቦች ተደርድረዋል፤ ከኮከቦቹ በታች ደግሞ «ለመመለስ የጊዜ ገደብ የለውም» የሚል ተጽፏል። ስለዚህ ክሊኒክዎ ሰውን መጠበቅ አይችልም ብዬ እስከ ዛሬ በየቤቱ ያወራሁትን በይፋ አስተባብላለሁ። የምትጠብቁት ነገር አላችሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለመንደራችን ያደረጉት ሁሉ ሳይረሳ፣ ከእርስዎም በኋላ የሚመጡት ከዚህ የተሻለ ፍጥነት እንዳይኖራቸው እየጸለይኩ፣ ውድ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በተለመደው ትዕግሥቴ እሰናበትዎታለሁ።

የሁልጊዜ ታዛቢዎ፣
ኢርሜሊ ኩያላ
ጡረተኛ መምህርት፣ ሃውኪሳሎ

በተጨማሪ፦ ፔርቱ፣ ይህችኛዋ ለዳይሬክተሩ ሳይሆን ለአንተ ስለሆነች አንቱታውን አንሥቼዋለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለህ፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በፊት ሰሌዳው ጋ አቁሜ የማካፈል ሒሳብ ጠየቅኩህ። ጠመኔውን እንደ ያዝክ በመስኮት እያየህ ዝም አልክ። የምሳ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጡ ጀመር። ከኋላ አንዱ «ይሄ ተኝቷል» ብሎ ሲስቅ «እያሰበ ነው» አልኩት፤ ሁላችንም ጠበቅንህ። ከምግብ ቤት ሲርካ ምን ሆነው ቀሩ ብላ መጣችና አንገቷን በበሩ አስገብታ አየችህ። «ተዉት ያስብ፤ ሾርባው የትም አይሄድም» ብላ ተመለሰች፤ የአንተን የአተር ሾርባም ምድጃው ላይ አቆየችልህ። መልስህ ትክክል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ደደብ ብሎ የጠራህ ልጅ አልነበረም።

አሁንም አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሲርካ ልጅ ምን ብዬ ልንገራት?

ጊዜህን ውሰድ፣ ልጄ። እኔ አልዘጋብህም።