ውሃው የቄሱ፣ ስሟ የእኔ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሳሚሶኒ፤

እንደምን ከርመሃል? ባሕር ማዶ ያለው የሼፓርተን ብርድ እንዴት ያደርግሃል? ያ ዛፍ መግረዝ ወገብህን አልጎዳውም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው አማትህ ቪካ ብቻ ናት፤ ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ።

ለልጅህ ስም ማውጣት የአባቷ ታላቅ እኅት ወግ እንደሆነ የመንደሩ አሳማ ሳይቀር ያውቃል። እናታችን ሉፔ ልትሞት ስትል የለመነችኝም «ስሜን ለሳሚሶኒ ልጅ ስጪልኝ» ብላ ነበር። ልጅቱ በተወለደች ሰሞን ግን ለአጎታችን ቀብር ሃአፓይ ደሴት ሄጄ፣ ማዕበሉ መርከቡን አስቀረውና እዚያው ታገድሁ። አማትህ ማዕበሉን እንደ መልአክ ተቀብላ በዚያው እሑድ ክርስትና አስነሣቻትና በራሷ ስም ቪካ አሰኘቻት። አንተም በስልክ «እሺ» ብለሃል አሉ።

ስመለስ ቄሱን እንደገና ያጥምቋት ብዬ ለመንኋቸው። «አንቺ ካሎላይኒ፣ ጥምቀት እኮ እንደ ድስት ተመልሶ አይታጠብም! የእግዚአብሔር ነው፤ አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ። ስሙስ ብላቸው፣ ስም ማውጣት አብሮት የሚሄድ የሰው ወግ ነው፤ ስሟ ቢለወጥ ጥምቀቷ ያው ነው አሉ። አመስግኜ ወጣሁና ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሁ። አማትህ የተሸነፍሁ መሰላት።

ባለፈው ቅዳሜ የልደቷ ግብዣ ነበር። የአባት እኅት ከሁሉ ፊት ተቀምጣ ከቀረበው የወደደችውን እንደምትወስድ አማትህ ረስታው ኖሯል። ስትሠራው የከረመችውን ምርጥ ሰሌን ወሰድሁ። ትልቁን አሳማ ወሰድሁ። «ቪካ» ተብሎ በስኳር የተጻፈበትን ኬክም ወስጄ፣ ከስሙ ጀምሬ ለልጆቼና ለጎረቤት ሕፃናት ቆረስሁ።

«አቤት ሆድ! አሳማው አይበቃሽም?» አለች።

«ወግ ነው እንጂ ርሃብ መሰለሽ፣ እማማ ቪካ?» አልኋት። ከዚያ ልጅቱን አቅፌ ተነሣሁና፣ «ውሃው የቄሱ ነው፤ አልነካሁትም። ስሟ ግን ሉፔ ነው» አልሁ።

«ኧረ ቄስ፣ ይናገሯት እንጂ!» ብላ ጮኸች። ቄሱም አፋቸውን አሳማ ሞልቶት፣ ጥምቀቱን አልነካችም ሲሉ መሰከሩልኝ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ሚስትህ አለቀሰች፤ አዘንሁላት፣ ጥቂት።

ባለቤቴ ፊናው ሰላም ይልሃል፤ አሳማው ጣፍጦታል። ልጆቼም ይስሙሃል፤ ኬኩን አመስግነዋል። ሉፔም ሰላም ትልሃለች፤ ስሟን ስትሰማ ዞር ማለት ጀምራለች። አማትህ የፊታችን እሑድ ደውለህ ልጅህን እንድታናግራት ትፈልጋለች። እኔም እመጣለሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ከአማትህ ጋር ጎን ለጎን እንቀመጥና፣ ማን ብለህ እንደምትጠራት እናዳምጣለን።

እኅትህ ካሎላይኒ
ሌይማቱአ፣ ቫቫኡ
ኦገስት 14 ቀን 2019