ጡረታዬን ያስመዘገብኩ ዕለት

ውድ ካውያዬ፣

ስልኬን ማንሳት ከተውሽ አምስት ወር ሆነ። ልጅሽ ቤት ደጃፍ ድረስ መጥቼ ነበር። መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁና «ይሁን፣ ወረቀት እንኳ ከበር አይመለስም» ብዬ ሄድኩ። ይኸው ጻፍኩልሽ። ቀድደሽ እንደማትጥዪው አውቃለሁ፤ አንቺ የሰው ወሬ ሳትሰሚ የምታድሪ ሴት አይደለሽም። አብረን የሠራንበት የልብስ ማጠቢያ ሰዎች ካውያ ያሉሽም መተኮሻ ክፍል ስለሠራሽ ብቻ አልነበረም፤ ቶሎ ስለምትግዪም ነው።

የተጣላን ቀን ወጥ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥሽ ነበር። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልሽኝ።

«የግብር ማሳወቂያ ቅጽ። ከውጭ አገር የሚመጣልን ጡረታም ገቢ ስለሆነ መመዝገብ አለበት አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሬዲዮ።»

«ሬዲዮ ስንቱን ይላል! ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አገር የሆስፒታል አንሶላ ስናጥብ የወገባችንን ሕመም ማን መዘገበልን? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አንቺ ከተናገርሽ ደግሞ እኔም ተያዝኩ ማለት ነው። አብረን ተቀጠርን፣ አብረን ወጣን።»

ቢላዋውን አስቀምጠሽ ወጣሽ። ሳምንት ሳይሞላ ከቤቴ ዕቃሽን ጭነሽ ልጅሽ ጋ ገባሽ።

እኔ ግን አልቻልኩም። ጡረታው ከጀመረ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ፖስተኛውን ባየሁ ቁጥር የግብር መጥሪያ ይዞ የመጣ እየመሰለኝ ኖሬያለሁ፤ ምስኪኑ ሰላም ሲለኝ እንኳ በቅጡ አልመልስለትም ነበር። «በቃ፣ የሚመጣው ይምጣ» ብዬ ወረቀቶቼን ለመሰብሰብ ያንን አሮጌ ሻንጣ ገለበጥኩት። ከሥሩ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የፈረቃ ካርድ። ስሙ ያንቺ፣ ፊርማው የኔ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳንባሽን ታመሽ የተኛሽበት ዓመት ትዝ አለኝ። ከሥራ እንዳትባረሪ የኔን ፈረቃ ጨርሼ ባንቺ ካርድ እንደገና እገባ ነበር፤ ስምንት ወር። ያ ስምንት ወር ዛሬ ጡረታሽ ውስጥ ተቆጥሯል። ለካ የፈራሽው ግብሩን አልነበረም! ፋይሉ ከተከፈተ ይህም አብሮ ይወጣል፣ እኔም አንድ ቀን «የኔ ነው» እላለሁ ብለሽ ነው።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። ቆጥሬብሽ አላውቅም ብል ዋሸሁ። በአምስተኛው ወር እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ፣ ነገሩን ልነግረው አለቃችን በር ላይ ቆሜያለሁ። ላንኳኳ እጄን አንስቼ ሳልሽ ትዝ አለኝ። እጄን መለስኩና ወደ ማጠቢያው ወረድኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዲትም ሰዓት አልቆጠርኩብሽም። ወሮቹ ያንቺ ናቸው፤ ሰጥቼሻለሁ።

ካርዱን ባገኘሁ በነጋታው ግብር ቢሮ ሄድኩ። መስኮት ላይ የነበረችው ሠራተኛ የልጅሽ እኩያ ናት፤ ጉንፋን ድምጿን ዘግቶታል።

«እማማ፣ ተጠርተው ነው የመጡት?»

«አይ ልጄ፣ በገዛ እግሬ ነው።»

እስክታስል ድረስ ሳቀች። ሳይጠሩ የመጣ ሰው ቅጣቱ እንደሚቀልለት ነገረችኝ። ከዚያ የጡረታውን ወረቀት አገላብጣ፣ እኔ ሁልጊዜ የፖስታ ሳጥን ቁጥር የሚመስለኝን መስመር በእስክሪብቶዋ ነካችው።

«ይሄ እኮ እዚያው የተቀነሰብዎ ግብር ነው። ሁለቱ አገሮች ውል ስላላቸው እዚህ ይታሰብልዎታል። ባንድ ገቢ ሁለቴ አይከፍሉም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለአንድ የፖስታ ሳጥን ስንቀጠቀጥ ኖርኩ! የቀረብኝ ዕዳ ከፈራሁት ሩቡም አልሞላ፤ እሱንም በየወሩ እንድከፍል ከፋፈለችልኝ።

ልነሳ ስል ልቤ አልችል አለና «ልጄ፣ የትኛውን ወር ማን እንደሠራ ትጠይቃላችሁ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ እኛ የምንጠይቀው ገቢውን ነው። ከየት መጣ፣ ስንት መጣ፣ እዚያ ስንት ተቀነሰ። አለቀ። ለሌላ ሰው ነው እንዴ?»

«ለማወቅ ያህል ነው» አልኩ። ስምሽን አልጠራሁም፤ አልጠራምም። ያንቺን በር የምትከፍቺው አንቺ ነሽ።

ከዚያ ወዲህ ፖስተኛውን ደህና አድርጌ ሰላም እለዋለሁ። ባለፈው «እማማ፣ ዛሬ ደስ ብሎዎታል» ሲለኝ፣ ይህ ደስታ ላንቺም በደረሰ ብዬ ተመኘሁ። አንቺ ከኔ ይልቅ እንቅልፍ ያስፈልግሻል፤ ሳንባሽ ጭንቀት አይወድም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። መታወቂያሽንና የሦስቱን ዓመት የጡረታ ወረቀት ያዢ፤ ቅጹን እኔ እሞላልሻለሁ፣ አንቺ ፈርሚ። ኩርፊያሽ ገና ካልለቀቀሽም ይዘሽው ነይ። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እየተኮራረፍን ተራችንን እንጠብቃለን።

የትም ብትሄጂ የማትለቅሽ፣
ጓደኛሽ